ወይንሸት የሰጠችው ምስክርነት

ወይንሸት ቅቤን በዓይን አትገዛም ነበር። ከገሱባ ወገን በኮባ ተጠቅልሎ የመጣው ቅቤ ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከመቀነቷ የማትለያትን ቀጭን እንጨት መዝዛ እስከ መሐሉ ትወጋዋለች፤ ታሸተዋለች፤ ጫፉን ቀመስ ታደርግና ወይ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ወይ ቅቤውን ወደ ባለቤቱ ትገፋዋለች። ላዩ ለጋ፣ ውስጡ የከረመ ቅቤ ይዞ የመጣ ሰው ሶዶ ገበያ ውስጥ እሷ ዘንድ ባይደርስ ይሻለው ነበር። "ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?" የሚሏት ነበሩ። "ያዋረደሽ ቅቤሽ ነው፤ እኔ ምን አደረግሁ?" ትል ነበር። ምላሷ ስለታም፣ እጇ ግን ቸር ነበር፤ ምርቃት ሳትጨምር ገዢ ሸኝታ አታውቅም።

ይህች ላዩን የማታምን ሴት በገዛ ገላዋ ነገር ላዩን አምና ቀረች። የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል።

የተወለደችው ገሱባ ገጠር ነው። ዳልጮ የሚባል ልብስ ሰፊ አግብታ ሶዶ ገባች፤ ሁለት ልጆች ወለደች፤ ልጆቹ አድገው አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ አርባ ምንጭ ኑሮ ያዙ። ባልና ሚስት ብቻቸውን ሲቀሩ የወይንሸት ቤተ ዘመድ ቤተ ክርስቲያኗ ሆነች። እሁድ እሁድ ከመዝሙር በኋላ፣ ከስብከት በፊት፣ የምስክርነት ጊዜ አለ። ጌታ አንድ ነገር ያደረገለት ሰው ወደ ፊት ይወጣና ማይክራፎን ይዞ ይናገራል፤ ጉባኤው በእልልታ ይቀበለዋል። ልጁ ፈተና ያለፈለት ይመሰክራል፤ ላሟ በሰላም የወለደችላትም ትመሰክራለች። ተደርጎለት ዝም ያለ ሰው የበላውን እንደ ካደ ይቆጠራል። አንድ ጊዜ የተመሰከረ ነገር ደግሞ የተናጋሪው ብቻ አይሆንም፤ የጉባኤው ሁሉ ነው።

ዕጢው የተገኘው ገላዋን ስትታጠብ ነው። በግራ ጡቷ ሥር፣ ባቄላ የሚያህል፣ ሲነኩት የማያም ነገር። የማያም ነገር ደግሞ ማንን ያስደነግጣል? ተወችው። ባቄላው አድጎ እንቁላል ሲያህልም ዝም አለች። ሶዶ ውስጥ የዚያን በሽታ ስም ደፍሮ የሚጠራ ጥቂት ነው፤ "ያ ክፉ በሽታ" ይሉታል፣ ስሙን ሲጠሩት አቤት የሚል ይመስል። "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም" እያለች ሌላውን የምትመክር ሴት የራሷን በነጠላዋ ሸፍና ከረመች። የነቃባት ዳልጮ ነው። ሚስቱ በግራ ጎኗ መተኛት ማቆሟን አይቶ ጠየቃት፤ አልመልስ ስትለው እጇን ይዞ ሐኪም ቤት ወሰዳት።

እዚያው ሶዶ በመርፌ ናሙና ወሰዱላት። መርፌው ሲገባ፣ "እኔም ቅቤን እንዲህ ነው የማደርገው" ብላ ነርሷን አሳቀቻት። ውጤቱ ሲመጣ ግን የሳቀ አልነበረም። ወደ ሐዋሳ ላኳት።

ሐዋሳ የተቀበላቸው ዶክተር ዘሩባቤል የሚባል፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ችኮላ የማያውቅ ወጣት ሐኪም ነው። ዳልጮንም አስቀምጦ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቸው።

"ወይዘሮ ወይንሸት፣ የጡት ካንሰር ነው። ወደ ሌላ አካል አልሄደም፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው" አላት። "ሕክምናው አንድ ብቻ አይደለም። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነትም አይደለም፤ እንደ ካንሰሩ ዓይነትና እንደ ደረሰበት ደረጃ ይለያያል። አንደኛው ቀዶ ጥገና ነው፤ ያለበትን ቦታ ቆርጦ ማውጣት። ሁለተኛው ኬሞ ነው፤ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት። ከደም ጋር እየዞረ፣ በዓይን የማናየውንም እየፈለገ ይመታል። ሦስተኛው ጨረር ነው፤ አንድን ቦታ ለይቶ ይመታል፤ ሲሰጥ አያምም፣ ግን ለሳምንታት መመላለስ ይጠይቃል። የእርስዎ ዓይነት ደግሞ በሴት ሆርሞን የሚያድግ ስለሆነ ለዓመታት የሚዋጥ ክኒን አለ።"

"ከነዚህ የቱን ልምረጥ?" አለች ወይንሸት። ገበያ የለመደች ናት።

"ምርጫ ሳይሆን ተራ ነው" አለ ዶክተሩ። "ዕጢው ትልቅ ስለሆነ በኬሞ እናሳንሰዋለን። ከዚያ ቀዶ ጥገና። ከዚያ ጨረሩና ክኒኑ። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል። መሐል ላይ ካቆምን ግን የተረፈው ይነሣብናል።"

"ጡቴን ትቆርጡታላችሁ?"

"አዎ፣ ይህኛው መቆረጡ አይቀርም። ሕይወትዎ ግን ይተርፋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።"

ወይንሸት እስከ ሶዶ በሚኒባሱ መስኮት ስታይ መጣች። የዳሞታ ተራራ ራሱን በጉም ከድኖ ሲታያት፣ "ለማንም እንዳትናገር" አለችው ዳልጮን።

ኬሞው ተጀመረ። ለሰው ሐዋሳ የምትሄደው ቅቤ ልትሸጥ ነው። እንዳይነቃባት በየጉዞው ቅቤ ትይዝ ነበር። ስትመለስ ግን ራሷ የያዘችው ቅቤ ሽታ ያጥወለውላት፣ ሚኒባሱን አስቁማ መንገድ ዳር ታስመልስ ነበር። አፏ ቆሰለ። ዕድሜ ልኳን የኖረችበት ሽታ ጠላት ሆነባት፤ ጓደኛዋ ሸቀጧን ትይዝላት፣ እሷ ራቅ ብላ ትቀመጥ ጀመር። ፀጉሯ በእፍኝ በእፍኝ ሲረግፍ ዳልጮ በልብስ መቁረጫ መቀሱ የቀረውን ከረከመላት፤ ከዚያ በስሱ ላጨላት። እሷ አላለቀሰችም፤ እሱ ነው ያለቀሰው። በማግስቱ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ አስራ ገበያ ወጣች።

ስለ ዕጢው ከቤት ውጭ የነገረቻት አንዲት ሴት ብቻ ናት፦ የጸሎት ኅብረቷ መሪ ሣራ። ስለ ኬሞው ግን ለሣራም አልነገረችም። ሣራ የልብ ሰው ናት፤ የሰው ችግር እንቅልፍ የሚነሣት። በየሳምንቱ ወይንሸት ጡት ላይ እጇን ጭና በወላይትኛ ትጸልይላት ነበር። ስትጾም ስሟን ይዛ ትጾማለች። ሣራ ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ስናገር በቀለለኝ።

ዕጢው አነሰ። እንቁላሉ ባቄላ ሆነ፤ ከዚያ ጨርሶ በእጅ የማይዳሰስ ሆነ። ዶክተር ዘሩባቤል ደስ አለው። "መድኃኒቱ በደንብ ሠርቶልናል" አላት። "አሁን ቀዶ ጥገናው ነው። በእጅ አልተዳሰሰም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፤ ይህን አደራ።" ቀኑን ቆርጦ ሰጣት።

አደራውን ይዛ በመጣች ሰሞን የጸሎት ቀን ነበር። ሣራ እንደ ልማዷ እጇን ብትጭን በየሳምንቱ ሲያንስባት የከረመውን እብጠት ጨርሶ አጣችው። ፈለገች፤ አጣች። "እህቴ፣ የት ሄደ?" አለች።

ወይንሸት በዚያች ቅጽበት አንዲት ቃል ብትል፣ "ኬሞ እየወሰድኩ ነው" ብትል፣ ነገሩ ሁሉ ሌላ ይሆን ነበር። አላለችም። "እንጃ፤ ጠፋ" አለች። ውሸትም አይደለም፣ እውነትም አይደለም። ሣራ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ስትነሣ ፊቷ በርቶ ነበር።

እሁድ ሣራ ክንዷን ይዛ ወደ ፊት አወጣቻት። ማይክራፎኑ እጇ ገባ። ወይንሸት ያን ሁሉ ሕዝብ አየች፤ የሣራን ዓይን አየች። "በጡቴ ላይ ዕጢ ነበረብኝ" አለች። "እህቴ ሣራ ጸለየችልኝ። አሁን የለም። ጌታ ፈውሶኛል።" ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እሷም በዚያ እልልታ መሐል ለመጀመሪያ ጊዜ እንደዳነች ተሰማት። በእውነት ተሰማት። እናቷ እንኳ እንዲህ አቅፋት አታውቅም፤ ሰው ሁሉ ሊነካት ይጋፋ ነበር። ማን ነው ያን ጊዜ ተመልሶ "ቆይ፣ ሐዋሳ ቀጠሮ አለኝ" የሚለው?

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ገበያውን አዳረሰ። የሚታመሙ ሴቶች ቅቤ የሚገዙ መስለው እየመጡ እጇን ይጨብጡ ጀመር። ከነሱ አንዷ ሜላት ናት፤ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ሳቋ የማይደበቅ ልጅ። የቅቤው ጥቅል ላይ ጎንበስ ብላ፣ "እትዬ ወይንሸት፣ እኔም አለብኝ" አለች። "ሐኪም ቤት ናሙና እንውሰድልሽ ብለውኝ ነበር። ያንቺን ሰምቼ ተውኩት። ጌታ ላንቺ ያደረገውን ለኔም ያደርጋል፣ አይደል?"

ገበያተኛው ዙሪያውን ከቧታል፤ ጓደኞቿ ጆሯቸውን አቁመዋል። "ያደርጋል" አለች።

ከዚህ በኋላ ለቀዶ ጥገናው እንዴት ትሂድ? ተፈወስኩ ያለችውን ጡት እንዴት ታስቆርጥ? አንድ ጡት ይዛ ሶዶ ብትመለስ ሣራን ምን ትላታለች? ቀኑ ሲቃረብ ዳልጮ የልብስ ስፌት መኪናውን አቁሞ ለመናት።

"አንቺ ሴት፣ የገሱባ ልጅ አይደለሽም? ኡታው፣ እንሰቱ፣ በበሽታ ጠውልጎ መልሶ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ አባትሽ ዳነ ብሎ ይተወው ነበር? ሥሩን ቆፍሮ ነው የሚያወጣው።"

"ኡታ አይጸልይም" አለችው።

"እኔም እጸልያለሁ። እየጸለይኩ ነው ሂጂ የምልሽ።"

"ሰው ምን ይላል?"

እንግዲህ በኛ አገር ብዙ ሰው የገደለው የትኛው በሽታ ነው ብትሉኝ፣ ወባ ነው ወይም ቲቢ ነው አልላችሁም። ይሉኝታ ነው። ወይንሸት በቀጠሮዋ ቀን ገበያ ዋለች። ዶክተር ዘሩባቤል ደወለ፤ አላነሣችም። ደግሞ ደወለ፤ ስልኩን አጠፋችው። ፀጉሯ አደገ፤ ሻሿን ፈታች። የቅቤ ሽታ ተመልሶ ይጥማት ጀመር። በዚያ ዓመት የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ ሲገባ ለእንግዳ የሚሆነውን ቅቤ ራሷ አንጥራ፣ ራሷ አብስላ፣ ስትዘፍን እንደ ነበር ጎረቤት ሁሉ ያስታውሳል። ዳልጮ ብቻ ምግቡ አልዋጥ አለው።

በሽታው ሲመለስ በጡት አልመጣም፤ በወገብ መጣ። የቅቤ ሸክም ነው አለች። መቀመጥ አቃታት፤ መቆም አቃታት። ከዚያ ጡቷም ቆዳው ተኮማትሮ ቀላ፤ ቆሰለ። ዳልጮ ሚኒባስ ላይ ደግፎ አውጥቶ ሐዋሳ አደረሳት። ዶክተር ዘሩባቤል የምርመራውን ፎቶ ረዘም ላለ ጊዜ አየ። አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

"አጥንት ውስጥ ገብቷል፤ ጉበትም ነክቷል" አለ። "አሁን ጡትን መቁረጥ በሽታውን አያቆመውም። ኬሞውን ደግመን ብንሞክር ጥቂት ጊዜ ሊሰጠን ይችላል፤ ሰውነትዎ ግን የሚችለው አይመስለኝም። ለወገቡ ሕመም ጨረር ቢያገኙ ያቀልልዎታል፤ ለዚያ አዲስ አበባ መሄድ አለብዎት። የማስታገሻ ሕክምና ደግሞ አለ። ሞርፊን የሚባል የሚጠጣ መድኃኒት እሰጥዎታለሁ። ሳይታመሙ መተኛት፣ ሳይታመሙ መቀመጥ፣ ይህም ሕክምና ነው፤ ተስፋ ቆረጥንብዎ ማለት አይደለም።"

"ያን ጊዜ ብመጣ ኖሮ?" አለች።

ሐኪሙ ዓይኑን ከሷ አላሸሸም። "ዕድልዎ ሰፊ ነበር" አለ።

አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ ወገብ አልነበራትም። መራራውን መድኃኒት ይዛ ተመለሰች። በመንገድ ላይ ስለ ራሷ ሞት አላሰበችም ቢባል ማን ያምናል? ግን ዳልጮ እንደሚናገረው፣ ከሐዋሳ እስከ ሶዶ ደጋግማ የጠራችው አንድ ስም ነው። "ሜላት" ትላለች። "ያቺ ልጅ በኔ ቃል ተቀምጣለች።"

እሁድ ዳልጮን ተደግፋ ሄደች። የምስክርነት ጊዜ ሲደርስ እጇን አነሣች። ሣራ ሮጣ ደገፈቻት፤ ሌላ ተአምር የምትናገር መስሏት ነበር። ወይንሸት ማይክራፎኑን ይዛ እንዲህ አለች፦

"ዕጢዬን ያሳነሰው ሐዋሳ የወሰድኩት ኬሞ ነው። ደብቄያችሁ ነበር። ሣራ ጸልያለች፤ ጌታም ሰምቷል፤ መልሱን በሐኪም እጅ ላከው። እኔ ግን ላኪውን አመስግኜ የተላከውን ካድኩ። ሕክምናውን ሳልጨርስ አቆምኩ። አሁን ተመልሶብኛል። ልሞት ነው። ከናንተ መሐል ዕጢ ያለባት ሴት ካለች እየጸለየች ሐኪም ቤት ትሂድ። በኔ ምስክርነት አትቀመጥ።"

እልልታ የለም። ልጅ የሚያባብል የእናት ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሣራ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። መዘምራኑ ምን እንደሚዘምሩ ጠፋቸው። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው አጭር ጸሎት ጸለዩ፤ ስብከቱ ቀጠለ።

ውጭ፣ የግቢው ዛፍ ሥር፣ ሜላትን አገኘቻት። ልጅቷ ከስታለች። አንገቷ ሥር የወጣውን እብጠት በነጠላዋ ሸፍናዋለች፤ ወይንሸት ያን አሸፋፈን ታውቀዋለች።

"ሰማሽኝ?" አለቻት።

"ሰማሁ" አለች ሜላት። "እትዬ፣ አትቀየሚኝ። የተመለሰብሽ እምነትሽ ስለጎደለ ነው። እኔ እምነቴን አልጥልም።"

ወይንሸት እጇን ይዛ ወደ ሴቶች መጸዳጃው ጀርባ ወሰደቻት፤ የራሷን ቀሚስ ቁልፍ ፈታች፤ ጨርቁን ከቁስሉ ላይ አነሣች። ሽታው ቀድሞ ወጣ። "እይ" አለቻት። "ላዩ ድኖ ነበር። ውስጡን እይ።"

ሜላት አየች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሮጠች ከግቢው ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲያ ቤተ ክርስቲያን አልታየችም።

ወይንሸት አልጋ ያዘች። ሣራ በማግስቱ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ መግባት ፈራች። "ግቢ፣ አንቺ ምን አደረግሽ?" አለቻት ወይንሸት። ገባች፤ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ገላዋን የምታጥባት፣ ቁስሏን የምትጠርግላት፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የምታጠጣት ሣራ ሆነች። መድኃኒቱ ሕመሙን ይይዝላት ነበር፤ ሐኪሙ እንዳለው ሳታቃስት ትተኛለች፣ ትራስ ተደግፋ ትጫወታለች። ሌላውን ሕመም ግን የሚይዝ መድኃኒት አልነበረም። የውጭው በር በተንኳኳ ቁጥር ዓይኗን ትገልጣለች።

"ሜላት ናት?"

"አይደለችም" ይላል ዳልጮ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ።

ሣራ ወደ ልጅቷ ቤት ሄዳ ነበር። ቤቱ ተዘግቷል፤ ጎረቤት የት እንደሄደች አያውቅም። አንዱ ገጠር ዘመዶቿ ጋ ናት አለ፤ ሌላው ለጸሎት ወጥታለች አለ። ሣራ ይህን ለወይንሸት ብትነግራት ወይንሸት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሞተችበት ማለዳ እንኳ የጠየቀችው ስለ ልጆቿ አልነበረም፤ እነሱ አጠገቧ ነበሩ። "መጣች?" አለች። ዳልጮ ዋሽቶ "መጥታለች" ለማለት አፉን ከፈተ። አልቻለም። እዚያ ቤት ውሸት ያደረሰውን አይቷል። "አልመጣችም" አላት። ይህን ሰምታ ሞተች።

ለቀብሯ ከገሱባ ዘመድ በጭነት መኪና መጣ። ድንኳኑ ውስጥ የገጠሩ ሴቶች እያለቀሱ ሲቀመጡ፣ አንዲት ቀጭን ወጣት ሴት ገብታ ዳር ላይ ቆመች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ራሷ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል፤ አልሸፈነችውም። ዳልጮ ከወንዶቹ መሐል ሆኖ ያን ራስ አየው። የሚስቱን ራስ በመቀሱ ከርክሞ በእጁ ላጭቷልና እንዲህ ያለውን ራስ አይስተውም። ከመቀመጫው ብድግ አለ።

የገሱባዋ ሽማግሊት ግን ቀደመችው። በአገሯ ልማድ ራሷን ተላጭታ ለሐዘን የምትመጣው የሥጋ ዘመድ ናት።

"አንቺ ልጅ፣ ምኗ ነሽ?" አለቻት። "ልጇ ነሽ?"

"አይደለሁም፣ እማማ" አለች ሜላት። ድንኳኑ ሙሉ ሰው እየሰማት ድምፅዋን አልቀነሰችም። "ካንሰር አለብኝ። ሐዋሳ ኬሞ ላይ ነኝ። እሷ ናት የላከችኝ።"

ሽማግሊቷ ጠጋ አለችና የወይንሸት ልጆች በተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።